ኦቪድ በአንድ መስመር መታለፍ አልነበረበትም

ስለ ጥንት ገጣሚዎች የጻፉትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ስለ ግሪካዊው ሆሜርና ስለ ሮማዊው ቨርጂል ይህን ያህል ተብሎ ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ በአንድ መስመር መታለፉ ቅር አሰኝቶኛል። ከኦቪድ ከቀዱት ደራሲዎች ሼክስፒርን ብቻ እንውሰድ። "ሜታሞርፎሲስ" በተባለው የኦቪድ ረጅም ግጥም ውስጥ ፒራመስና ቲዝቢ የሚባሉ የባቢሎን ወጣቶች አሉ፤ ወላጆቻቸው ስለከለከሏቸው በግድግዳ ስንጥቅ ነው የሚያወሩት፣ በመጨረሻም እሱ የሞተች መስሎት ራሱን ይገድላል፣ እሷም ትከተለዋለች። ሮሜዮና ጁልየት ትዝ አላሏችሁም? በሼክስፒር ተውኔት በ"ሚድሰመር ናይትስ ድሪም" ደግሞ የእጅ ባለሙያዎቹ ለአቴንሱ መስፍን ሰርግ የሚያቀርቡት ቴአትር ይሄው ታሪክ ነው።

"ታይተስ አንድሮኒከስ" በተሰኘው ተውኔቱ ላይማ የኦቪድ መጽሐፍ ራሱ መድረክ ላይ ይወጣል! ምላሷም እጆቿም የተቆረጡት ላቪኒያ ገጾቹን ገልጣ፣ ተደፍራ ምላሷ የተቆረጠባትን የፊሎሜላን ታሪክ አሳይታ፣ እሷም እንደ ፊሎሜላ መደፈሯን ታሳውቃለች። ከሼክስፒር 1,500 ዓመት ያህል ቀድሞ የተጻፈ ግጥም ድምፅ ላጣች ሴት አንደበት ሲሆንላት ማየት እኔን በጣም ነው የሚነካኝ።

ተርጓሚውም መረሳት የለበትም። አርተር ጎልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1567 "ሜታሞርፎሲስ"ን ሙሉውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል፣ ሼክስፒርም ተጠቅሞበታል፤ "ቴምፐስት" ውስጥ አስማተኛው ፕሮስፐሮ አስማቱን ሲሰናበት የሚናገረው ኦቪድ ላይ ካለችው ጠንቋይ ከሜዲያ ንግግር የተቀዳ ነው። እባክዎ፣ ቀጣዩን ክፍል ለኦቪድ ይስጡት።