«አብሽር» የማይባልበት ጨረታ

ወሎ ውስጥ «አብሽር» የማይፈታው ችግር የለም። ልብስ ሰፊው ለአረፋ ይደርሳል ወይ ሲባል «አብሽር»። ሹፌሩ የሐረጎን ቁልቁለት በዚህ ፍሬን ትወርደዋለህ ወይ ሲባል «አብሽር»። ለሠርጉ ሁለት ሰንጋ አመጣለሁ ያለው አጎት፣ ሦስት ቀን ሲቀረው ቢደወልለት «አብሽር አልኩህ እኮ ወንድምዓለም!»። ቃሉ ደግ ነው፣ ልብ ያሳርፋል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሰንጋው የት እንዳለ አይናገርም።

ብሪጅ የሚባለው የካርታ ጨዋታ ለወሎዬ ፈተና የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ካርታ ሲባል ኮንከር ብቻ ለሚታየው ሰው ባጭሩ ይነገር፦ አራት ሰው ሁለት ለሁለት ተጣምሮ፣ አጋር ከአጋሩ ፊት ለፊት ይቀመጣል። 52ቱ ካርታ ሲታደል ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። ካርታ ከመጣሉ በፊት ግን ጨረታ አለ። «እኔና አጋሬ ከ13ቱ ዙር ይህን ያህሉን እንወስዳለን፣ ገዢው ካርታም ይህ ነው» ብሎ መዋዋል ማለት ነው። ዙር የሚባለው አራቱም አንዳንድ ካርታ ጥለው የበለጠው የሚወስደው ነው፤ ገዢው ደግሞ ከአራቱ የካርታ ዓይነቶች (ስፔድ፣ ሀርት፣ ዳይመንድ፣ ክለብ) ሌሎቹን የሚቆርጠው። አንድ ብሎ የጠራ ሰባት ዙር ሊወስድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አይቆጠሩም። ለዚህ ሁሉ ንግግር የተፈቀደው 38 ቃል ብቻ ነው፤ 35 ጥሪ፣ ከዚያ «ፓስ»፣ «እጥፍ» (አይሳካልህም ብሎ የባላጋራን ውል ዋጋ ማሳደግ) እና «እጥፍ ድርብ» (ይሳካልኛል ብሎ መልሶ ማሳደግ)። «ኢንሻአላህ» የለም፣ «እንመክርበታለን» የለም፣ «አብሽር»ማ ጭራሽ የለም።

አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት እ.ኤ.አ. በ1925 በመርከብ ሲጓዝ ባስተካከለው ደንብ፣ ትልቁ ጉርሻ የሚገኘው ቃል ለገባ ብቻ ነው። አሥር ዙር ወስዶ ስምንት ብቻ የጠራ ሰው ጉርሻው ያልፈዋል። አሥር ጠርቶ ዘጠኝ የወሰደ ደግሞ ይቀጣል። ሰው ለሠርግ መዋጮ እጁን ሲያወጣ ይህ ደንብ ቢሠራበት ኖሮ ስንቱ ድንኳን ባዶውን ባልቆመ!

በዱፕሊኬት ውድድር ደግሞ ማመካኛም የለም። ያው የታደለው ካርታ እንዳለ በሰሌዳ ተከቶ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። እዚህ የተቀመጠው ሰው የያዘውን 13 ካርታ፣ ወዲያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውም ይይዘዋል። ስለዚህ «ካርታው ነው የከዳኝ» ማለት አይቻልም። ካርታውማ ለሁሉም እኩል ከድቷል።

የጨረታ ማስተዋል ከቆጠራ ይጀምራል፤ ብዙ ሰው የሚቀረውም እዚያው ነው። አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1፤ ድምሩ በመላው ካርታ 40። ሁለቱ አጋሮች 25 ገደማ ካላቸው በስፔድ ወይም በሀርት አሥር ዙር ይሞከራል፣ 33 ካላቸው አሥራ ሁለት። ይህን በቃሉ የያዘ ሰው ሊቅ የሆነ ይመስለዋል። ልክ ለድግስ የጠራውን ሰው ብዛት ቆጥሮ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ እንደማይጠይቅ ደጋሽ ነው።

ሁለት ሰዎች እንይ። የመጀመሪያው 13 ነጥብ አለው፦ በስፔድ ንግሥት 7 5 4 3፣ በሀርት ንጉሥና ንግሥት ብቻ፣ በዳይመንድ ንግሥትና ጃክ ብቻ፣ በክለብ ንጉሥ 8 6 2። ሁለተኛው ያለው 11 ነው፦ በስፔድ አስ 10 9 8 4 3፣ በሀርት 7 ብቻዋን፣ በዳይመንድ አስ ንጉሥ 6 3፣ በክለብ 5 2። ሁለቱም «አንድ ስፔድ» አሉ፤ አጋሮቻቸውም «ሁለት ስፔድ» ብለው ደገፉ። ባለ 13ቱ ደረቱን ነፍቶ አሥር ዙር ለመጥራት ይቁነጠነጣል። እሱ ነው ፓስ ማለት የነበረበት። አንድም አስ የለውም፤ ሹማምንቱ አጃቢ በሌለበት ተሰብስበው ተቀምጠዋል። የዳይመንዱ ንግሥትና ጃክ፣ ባላጋራ አስና ንጉሥ ሲጥል ተከታትለው ይረግፋሉ፤ ካባ ለብሶ ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት የሚገዛበት ሳንቲም እንዳጣ ባላባት። ባለ 11ዱ ግን አሶቹ ከረጅም ዘመድ ጋር ናቸው፣ በሀርት አንድ ዙር ብቻ ይሸነፍና ከዚያ በገዢው ይቆርጣል። አጋሩን «ሦስት ስፔድ» ብሎ፣ ወደ አሥሩ እንሂድ ወይ ሲል አንዴ መጠየቅ የሚገባው እሱ ነው። አራት ሦስት ሁለት አንድ የሚባለው ቆጠራ አስን ያሳንሳል፣ ንግሥትና ጃክን ያገናል፤ ይህን ያወቀ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሌላው ግማሽ ዝምታ ነው፤ እዚህ ላይ ወሎዬ ይቸገራል። በወሎ ቤት እንግዳ «በቃኝ» ሲል የጀመረው ድርድር እንጂ የጨረሰው ምግብ አይደለም። ባለቤቲቱ «በሞቴ» ካሉ እጥፍ ነው፣ «አፈር ስሆን» ካከሉበት እጥፍ ድርብ። በዚህ ያደገ ሰው ብሪጅ ላይ ሲቀመጥ የተናገረውን ካርታ ደግሞ ደጋግሞ ይናገረዋል። በስፔድ ሰባት ካርታ ይዞ፣ ነጥቡ ግን ትንሽ ሆኖ፣ የባላጋራን መንገድ ለመዝጋት «ሦስት ስፔድ» ብሎ ከፈተ፤ ጥሩ አደረገ። ባላጋራ «አራት ሀርት» ሲል ግን «አራት ስፔድ!» ብሎ ይነሳል። አዲስ ምን መጣ? ሰባቱ ካርታ ስምንት አልሆነም። ነገሩን አንዴ ተናግሯል፤ ፍርዱ የአጋሩ ነው። አጋሩ እኮ በልቡ እጥፍ ሊል አሰፍስፎ ነበር። ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌዎቹ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ከኋላ ራሱ ገብቶ «እንዴት ሆነ?» እንደሚል ሙሽራ ማለት ነው።

ሁለቱም ወገን ሲሻማስ? ለዚህ ፈረንሳዊው ዣን ረኔ ቬርን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው ሕግ አለ፤ ሲጠቀለል፣ እናንተና አጋራችሁ በገዢው ዓይነት ስምንት ካርታ ካላችሁ እስከ ስምንት ዙር፣ ዘጠኝ ካላችሁ እስከ ዘጠኝ ተሻሙ፣ ከዚያ በላይ ግን እጅ ሰብስቡ ነው። ባለ 11ዱ ሰውዬ ስድስት ስፔድ አለው፣ የደገፈው አጋሩ ሦስት ካለው ዘጠኝ ሞላ፤ ባላጋራ «ሦስት ሀርት» ቢል «ሦስት ስፔድ» ማለት ያዋጣል። ባለ 13ቱ ግን ስምንት ናቸውና ቁጭ ይበል። አይበልም እንጂ። ተጋላጭ በሆነበት፣ ማለትም ቅጣቱም ጉርሻውም ከፍ በሚልበት ሰሌዳ፣ ሁለት ዙር ከጎደለ 200 ይቀጣል፤ አንድ ጎድሎ እጥፍ ከተባለም ያው 200 ነው። ዝም ቢል ኖሮ ባላጋራ የሚያገኘው 140 ነበር። የ60 ነጥብ ልዩነት ንቆ የሚያልፍ አለ፤ በጥንዶች ውድድር ግን በ10 መበለጥም በ1000 መበለጥም አንድ ነው፣ ተበልጧል። በቡድን ውድድር ሚዛኑ ይለያል፤ እዚያ ተጋላጭ ሆኖ የሚሳካበት ዕድል ከመቶ 38 ገደማ የሆነ የአሥር ዙር ውል እንኳ ቢጠራ ያዋጣል። ወሎዬ አጎት መጫወት ያለበት እዚያ ነው።

«እጥፍ» ደግሞ የቁጣ ቃል አይደለም። «ይሄ ሰውዬ ናቀኝ» ብሎ ሁለት ስፔድን እጥፍ ያለ ሰው፣ ባላጋራው ተጋላጭ ባይሆን እንኳ ስምንቱን ዙር ለቅሞ ከወሰደ 110 የነበረውን 470 አድርጎ ያስረክበዋል። በገዛ እጁ ያሳደገው ጠላት ነው።

ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ግመል የሚሸጥ ሰው የልቡን ዋጋ ከተናገረ ጅል ነው። ብሪጅ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከአጋር ጋር የተስማሙበት የጥሪ ትርጉም ለባላጋራም የተገለጠ መሆን አለበት፣ ከጠየቀ ይነገረዋል። መሳል፣ ማፏጨት፣ ቅንድብ ማንሳት፣ ካርታውን እያዩ «እህ!» ማለት ክልክል ነው። ብዙ አስቦ ፓስ ያለ ሰው ፓስ ብቻ ነው ያለው፤ አጋሩ ከዚያ ሐሳብ አንዳች መቅመስ አይፈቀድለትም። በትልልቅ ውድድሮች አጋሮች እንዳይተያዩ ጠረጴዛው ላይ መጋረጃ ይደረጋል። በዓይን ጥቅሻ ብቻ ቡና ይፈላ፣ ስኳር ይምጣ፣ ይሄ እንግዳ መቼ ነው የሚሄደው የሚባባል ቤተሰብ ይህን እንዴት እንደሚችለው እንጃ!

ከአንድ ጥሪ በኋላ ሦስት ፓስ ከተከታተለ ጨረታው ተዘጋ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ እንደሚያበቃ ቡና። ባለ 13ቱ ሰውዬ በሦስት ስፔድ ውል ቀረ። ባላጋራ የመጀመሪያውን ካርታ ጣለ፣ አጋርየው ካርታውን በሙሉ ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከዚህ ወዲያ እሱ አይናገርም፣ የተባለውን ካርታ ማቀበል ብቻ ነው ሥራው። ሰውየው ያየዋል፦ ስፔድ ሦስት፣ ዳይመንድ የማይረባ፣ ከሁሉም ከሁሉም አንድ አስ። በዚህ ሰዓት የጨዋታው ወግ ቢያቃጥልም ቢያቃጥል አጋርን አመስግኖ መቀጠል ነው። በዚህ ወሎዬን ማንም አይቀድመውም። 200 እንደሚቀጣ እያወቀ ፈገግ ይላል፣ «ተባረክ ወንድምዓለም» ይላል፤ ከዚያ ጨረታው ተዘግቶ ማንም ሊጠይቀው በማይችልበት ሰዓት፣ «አብሽር»።