ያልተጾሙት 14 ቀናት

ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጾምም ስግደትም የለም። ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላባቸዋል። ይህ የደስታ ሥርዓት ሆኖ ሳለ ብዙዎቻችን እንደ ዕረፍት ወስደነዋል። 55 ቀን የጾመና ሕማማትን በስግደት ያሳለፈ ምእመን ዳግም ትንሣኤ ሳይደርስ የጸሎት መጽሐፉን ይከድናል። በሁዳዴ ቀኑን የሚያሲዘው ጾሙ ነበርና፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው ሆዱ ራሱ ያስታውሰዋል። ያ ማስታወሻ ሲነሣ ቦታው ባዶ መቅረት የለበትም።

ቦታው የምጽዋት ነው፤ ያውም ቀንና ተራ የወጣለት ምጽዋት። አሁን እንደምናየው የፋሲካ ዕለት ለአንዲት አቅመ ደካማ እናት ሦስት ቡድን ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ማክሰኞ ግን በሯን የሚያንኳኳ የለም። ችግሩ አዲስ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው፣ የመጀመሪያዎቹን ምእመናን ካስጉረመረሟቸው ነገሮች አንዱ የዕለት ምግብ ሲታደል መበለቶች መዘንጋታቸው ነበር። ሐዋርያትም «እንግዲህ ለጋስ ሁኑ» ብለው አላለፉትም፤ እስጢፋኖስን ጨምሮ ሰባት ሰዎች ለማዕዱ እንዲሾሙ አደረጉ። የቸርነት እጥረት የመሰለውን ነገር ኃላፊ በመመደብ ፈቱት።

በበዓለ ሃምሳ ውስጥ 7 ረቡዕና 7 ዓርብ አሉ፤ በድምሩ 14 ቀን። ፋሲካ ሚያዝያ 4 በዋለበት በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው ረቡዕ ሚያዝያ 7፣ የመጨረሻው ዓርብ ግንቦት 21 ነው። ስለዚህ 14 አባላት ባሉት የጽዋ ማኅበር ለእያንዳንዱ አባል ቤት አንድ ቀን ብቻ ይደርሰዋል። ሰባት ከሆኑ ሁለት ሁለት። የተረጂዎቹን ቤት ከሰበካ ጉባኤው ወይም ከእድሩ ጸሐፊ መጠየቅ ይሻላል። ደጀ ሰላም የሚቀመጡትን ሁሉም ያያቸዋል፤ አፍሮ ቤቱ የተራበውን ግን የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

ብቻቸውን ለሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ረቡዕ 4 እንጀራ ከወጥ ጋር እስከ ዓርብ ያደርሳል። ከዓርብ እስከ ረቡዕ ግን አምስት ቀን ነው፤ እንጀራ ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም። ስለዚህ ዓርብ 6 እንጀራና አንድ ኪሎ በሶ ወይም ድርቆሽ ይያዝ። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ከሰል መግዣ ለሌለው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ትኩስ እንጀራ በላስቲክ ታስሮ ከሄደ አልቦት ይሻግታልና በደንብ በርዶ በጨርቅ ይጠቅለል። ጥሬ ሥጋ ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት ሸክም ነው፤ ቋንጣ ሆኖ ይሂድ። ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥም ሁለት ወር ገደማ ቅባት ያላየ የአረጋዊ ሆድ ላይ ይከብዳል፤ አስቀድሞ ተልባ ቢጠጣ ይለዝባል። ስኳር ወይም ደም ብዛት እንዳለባቸው መጠየቅም አይረሳ።

ቅርጫ የሚገቡ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ጥሩ ልማድ በእጃቸው አለ። ዐሥር ቤት ሆነው በሬ ሲጥሉ ሥጋው ዐሥራ አንድ መደብ ይደረግ፤ ለእያንዳንዱ መደብ ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ይድረሰው። ዋናው ነገር ዐሥራ አንደኛውም ከሌሎቹ ጋር ዕጣ እንዲወጣለት ነው። ዕጣ ካልወጣለት አጥንቱና ጅማቱ እየተለየ ወደ እርሱ ይገፋል፤ ማንም ክፉ አስቦ ሳይሆን እጅ እንዲሁ ስለሚያደላ።

ምግቡን አድርሶ መመለስ አይበቃም፤ ሩብ ሰዓት መቀመጥ ያስፈልጋል። የሃምሳው ቀን ሰላምታ ሁለት ሰው ይፈልጋልና። አንዱ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲል ሌላው «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ይቀበላል፤ «አሰሮ ለሰይጣን»፣ «አግዐዞ ለአዳም» እያሉ «ፍሥሐ ወሰላም» ላይ ይደርሳሉ። እግራቸው ከቤት የማያስወጣቸው አባት ወይም እናት ይህን ከማን ጋር ይበሉት? በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ልጆቻቸው ሥራ ሲውሉ አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን የሚውሉ ወላጆች፣ ምግብ ሞልቶላቸውም ይህ ይጎድላቸዋል። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ፤ ፎቶ ሲነሣ ተቀባዩ አንገቱን ይደፋል።

ጰራቅሊጦስ በዋለ ማግስት፣ ሰኞ፣ ጾመ ሐዋርያት ይገባል፤ በ2018 ግንቦት 24 ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብም ወደ ጾማቸው ይመለሳሉ። የተራው ወረቀት ግን ከግድግዳው አይውረድ፤ 14ኛው ቤት ሲጨርስ የመጀመሪያው ይቀጥል። የሚለወጠው የሚያዘው ምግብ ነው፤ ቅቤው ይቀርና ሽሮው በዘይት ይሠራል።