ባኽና ሱቅ በደረቴው

እኛ አገር ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሰሞኑን ደግሞ ሙዚቃም ዘሩ ካልተቆጠረ አይደመጥም የሚሉ ሰዎች በዝተውብኛል። የቪዲዮ ጨዋታ ሙዚቃ ከፊልም ሙዚቃ ጎን፣ ከፍ ሲልም ከጥንቶቹ የአውሮፓ ሊቃውንት ከእነ ባኽና ከእነ ሞዛርት ጎን ይቀመጥ ወይስ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ይበቃዋል? ነው ክርክሩ። ተከራካሪዎቹ እንግዳውን በጫማው እያዩ ወንበር የሚመድቡ የሠርግ ቤት አስተናጋጆች ይመስሉኛል።

ክርክሩን እኛ ዘንድ ያስገቡት ጎረቤታችን ሻምበሉ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ትራምፔት ሲነፉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ለእርሳቸው ሙዚቃ ማለት በኖታ የተጻፈ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የታወቀ ነገር ነው።

ባለፈው እሑድ እህቴ ቤት አቦል ሊቀዳ ሲል፣ ልጇ አክስቱ ከዋሽንግተን ያመጣችለትን አሮጌ ጌም ቦይ (በእጅ የሚያዝ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ) ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጦ ለስኳር ተላከ። ጨዋታው አልተጀመረም፤ ሙዚቃ የሚመረጥበት ገጽ ላይ እንደቆመ ነው። ዜማው ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው እየተመለሰ ይጫወታል።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ጢንዚዛ ነው ሙዚቃ?» አሉ ሻምበሉ።

የሚያጠፋው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ ስላልነበረ ቻልነው። በአቦል ሻምበሉ ፊታቸውን አጠቆሩ። በቶና ጣታቸው ሳያስፈቅዳቸው ጉልበታቸው ላይ ምት ጀመረ። በረካ ሲቀዳ ማፏጨት ላይ ደርሰው ነበር። ድንገት ሲኒውን አስቀመጡ።

«ቆይ፣ ቆይ! ይህን እኮ አውቀዋለሁ!»

ለካስ በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት ለትምህርት ተልከው ሳለ፣ ማታ ማታ መኝታ ቤት ውስጥ ሩሲያውያኑ የሚዘፍኑት ዘፈን ኖሯል። «ኮሮቤይኒኪ» ይባላል። ሻምበሉ ወዲያው ተረጎሙት፤ «ሱቅ በደረቴዎች ማለት ነው»። ከዚህ የተሻለ ትርጉም ያለው ይምጣ። ባለቅኔው ኔክራሶቭ በ1861 ከጻፈው ግጥም የተወሰደ ዘፈን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ)። ጨርቃ ጨርቅ በሣጥን የተሸከመ ጎረምሳ ነጋዴ ከአንዲት ልጅ ጋር አጃ ማሳ ውስጥ ሲከራከር እናገኘዋለን፤ ክርክሩ ስለ ጨርቅ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ቴትሪስ የተባለው የጡብ መደርደሪያ ጨዋታ በ1984 ሞስኮ ውስጥ ተፈጠረ፤ በ1989 ወደ ጌም ቦይ ሲገባ ሱቅ በደረቴው ሣጥኑን እንደያዘ አብሮ ገባ።

«እንዲህ ከሆነማ ጨዋ ዘፈን ነው» አሉ ሻምበሉ፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው እፎይ ብለው።

በዚህ መሃል ልጁ ስኳሩን ይዞ ገባና አንድ ቁልፍ ተጫነ። ሌላ ዜማ መጣ፤ ረጋ ያለ፣ እየቆጠረ የሚራመድ። ሻምበሉ ጆሯቸውን አቀኑ።

«ይህስ የማን ነው?»

«ባኽ ነው» አልኳቸው። «የፈረንሳይ ስዊቶች» ከሚባሉት የጭፈራ ዜማ ስብስቦቹ ከሦስተኛው የተወሰደ፣ ሜኑዌት የተባለ የጭፈራ ዜማ ነው።

«ባኽን እዚህ ውስጥ ማን አስገባው?» አሉ፤ ታስሮ እንዳገኙት ሰው ደንግጠው። ባኽና ሱቅ በደረቴው አንድ ጣሪያ ሥር፣ መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚያወጣውን አራት ድምፅ ብቻ ተካፍለው መኖር ከጀመሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ሲጣሉ የሰማ ጎረቤት የለም።

የዘር ቆጠራው ሌላም ጣጣ አለው። ወደ ኋላ በተቆጠረ ቁጥር ባላባቱም ያፍራል። ጀርመናዊው ቴለማን በ1733 ያሳተመው ትልቅ ሥራ ስሙ «የገበታ ሙዚቃ» ነው፤ ሰው ሲጎርስ ከጎን የሚጫወት ማለት ነው። የፊልም ሙዚቃም ቢሆን ድምፅ አልባው ፊልም ሲታይ ጥግ ላይ በሚመታ ፒያኖ ነው የጀመረው። በ1908 ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ካሚል ሳን ሳንስ ለፊልም ሙዚቃ ሲጽፍ የ73 ዓመት አንጋፋ ነበር። ዛሬ እነዚህ ሁለቱ ናቸው እንግዳውን «የማን ልጅ ነህ?» የሚሉት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ዘመድ ፍለጋው የተጀመረው በተሳሳተ ቤት ነው። የጨዋታ ሙዚቃ የአዝማሪ ዘመድ ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ያውቀዋል። ማሲንቆው አንዲቱን ዜማ ይዞ ይዞራል፣ ይዞራል፤ የአዝማሪው ዓይን ግን በሩ ላይ ነው። ባለ ሱፍ ሲገባ ግጥሙ ይለወጣል። ብሩ ግንባሩ ላይ ሲለጠፍ ዜማው ይሞቃል፤ ካልተለጠፈ ሙገሳው ሰሙን እንደያዘ ወርቁ ወደ ስድብ ይሄዳል። ዘፈኑ የሚያልቀው ግጥሙ ሲያልቅ ሳይሆን ኪሳችሁ ሲያልቅ ነው።

እስቲ ከዚህ ጋር በ1978 የወጣውን፣ ከሰማይ የሚወርዱ ወራሪዎች የሚተኮሱበትን የስፔስ ኢንቬደርስን ጨዋታ ሙዚቃ አስተያዩት። ያለው አራት ኖታ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ወራሪዎቹ ሲፈጥኑ እርሱም ይፈጥናል፣ የተጫዋቹም ልብ አብሮ። በ1985 ጃፓናዊው ኮጂ ኮንዶ ሱፐር ማሪዮ ለተባለው ጨዋታ በአራት ድምፅ የጻፈውም (ማሲንቆ በአንድ ክር ነው የሚኖረው፤ አራት ድሎት ነው) ሰዓቱ ከመቶ ሲያንስ እንደ ሥጋት ይሮጣል። በ2023 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከሚጠበቁ የድምፅ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ባኽ እጅግ ታላቅ ነው፤ ግን እናንተ ገደል ብትገቡ አንድ ኖታ አይለውጥላችሁም።

በ2022 ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ኦርኬስትራ የጨዋታ ሙዚቃ ብቻ ያቀረበበት ምሽት ነበር። ደስ ይላል፤ ክብር ነው። ቢሆንም አዝማሪን ከረባት አስሮ፣ ዓይኑን ከበሩ አንስቶ ወረቀት ላይ እንዲተክል የማድረግ ያህል ይሰማኛል። ኦርኬስትራው ማንንም አይጠብቅም፤ ጀምሮ ይጨርሳል።

ይህን ሁሉ ለሻምበሉ ስተነትን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የጨዋታ ሙዚቃ ሰውን አያስለቅስም» አሉ። ያኔ አንድ ነገር አስታወስኳቸው። በ2021 ክረምት የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲከፈት በዚሁ ሳሎን አብረን ነበርን። ቡድናችን ባንዲራ ይዞ ሲያልፍ ሻምበሉ ከሶፋው ተነሥተው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠርገዋል። «ሙዚቃውስ! ሙዚቃውስ!» ብለዋል። አገሮቹ ሁሉ የተሰለፉበት ሙዚቃ ከጃፓን የቪዲዮ ጨዋታዎች የተወሰደ ነበር።

ረጅም ዝምታ ሆነ።

«እኔ ያለቀስኩት ለባንዲራው ነው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ልጁ ዘረጉ፤ «እስቲ አምጣው»።

ልጁ ባኽን እንደከፈተ ሰጣቸው። ጡቦቹ መውረድ ጀመሩ። ሻምበሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ምላሳቸውን ነክሰው ታገሉ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ ግንቡ ጣሪያ ነካና ጨዋታው አለቀ።

«አባባ ሻምበል፣ ተሸነፉ» አለ ልጁ።

«እኔ ነኝ የተሸነፍኩት? ባኽ ነው ያዘናጋኝ» አሉ መሣሪያውን እየመለሱ። «ሱቅ በደረቴውን አድርግልኝና እንደገና አስጀምረኝ።»