ሰልፍ የሚጥሰውን ሁሉ «አራዳ» ማለት ይብቃን

ሰሞኑን ውስጤን የሚያበግነው አንድ ቃል ነው፤ «አራዳ»። ታክሲ ተራ ሰልፍ ጥሶ የገባው አራዳ ነው። የሁለት መቶ ብሩን ዕቃ በአምስት መቶ የሸጠው ነጋዴ አራዳ ነው። ተበድሮ ስልኩን ያጠፋውም አራዳ ነው። ታዲያ ሌባውን ምን ልንለው ነው?

በሥራ መውጫ ሰዓት መገናኛ የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰልፉ ከአስፋልቱ ዳር ተነሥቶ የሱቆቹን ደጃፍ አልፎ ይጠማዘዛል። ሕፃን ያዘለች እናት አለች፤ ደብተሩን ደረቱ ላይ ያቀፈ ተማሪ አለ። ሚኒባሱ ገና ሳይቆም አንድ ጎረምሳ ከየት መጣ ሳይባል የጋቢናውን በር ይዞ አብሮ መሮጥ ጀመረ፤ ተራ አስከባሪውን በዓይኑ ጠቀስ አድርጎት ገባ። «ወንድሜ፣ ሰልፍ አለ እኮ» አልኩት። ዞሮም አላየኝ። የመለሰልኝ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ነው፤ እየሳቀ «ተወው ባክህ፣ አራዳ ነው» አለኝ። ልብ በሉ፣ ቦታ የተወሰደበት እርሱም ነው! ተነጥቆ ነጣቂውን ያደንቃል።

ቃሉ እኮ የሰፈር ስም ነው። በምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ አራዳ ላይ ነበር። በበቅሎና በአህያ ተጭኖ የመጣው እህል፣ ቅቤ፣ ማርና ቆዳ የሚራገፈው እዚያ፤ አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው እዚያ፤ የአርመኑ፣ የግሪኩና የሕንዱ ሱቅ እዚያው አካባቢ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል የሚባለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልም ከዚያው ብዙ አይርቅም። ሞት የተፈረደበት ሰው በአደባባይ የሚሰቀለውም እዚያው ገበያ ላይ ነበር። የጸጥታ አስከባሪው እንኳ ስሙ «የአራዳ ዘበኛ» ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ያደገ ልጅ ዓይኑ ቢከፈት ምን ይገርማል? ከአርመኑ ጋር በአርመኑ ልክ፣ ከባላገሩ ጋር በባላገሩ ወግ ማውራት ይለምዳል፤ ሚዛን ሲዛባ ከሩቅ ያያል። «የአራዳ ልጅ» ቢባል ያምርበታል። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ የአገሬውን ገበያ ወደ መርካቶ አዛወረው፤ አራዳም ፒያሳ ተባለ። ልጁ ግን የአራዳ ልጅ እንደሆነ ቀረ።

ቃሉ ድሮ ንጹሕ ነበር ብዬ ላሳምረው አልፈልግም። ገበያ ባለበት አጭበርባሪ አይጠፋም፤ ያኔም ቢሆን ቅቤውን በርካሽ አስረክቦ እያዘነ የተመለሰ ባላገር ይኖራል። ቢሆንም ሌላ ብዙ ነገርም ይዞ ነበር። የጓደኛውን ችግር ሳይነገረው የሚረዳ፣ ሒሳቡን ቀድሞ ከፍሎ ምንም እንዳልሆነ የሚያወራ፣ የሰሙትን የማያወጣ ሰው አራዳ ነው። አለባበስ ያመረበት አራዳ ነው። በቀላሉ የማይታለል አራዳ ነው። ወጣቱ አዋቂው እንዳይገባው የሚያወራው አነጋገር እንኳ ስሙ «የአራዳ ቋንቋ» ነው፤ አንድ ሰፈር ለአንድ አነጋገር ስም ሰጠ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ ከዚያ ሁሉ መርጠን ያስቀረነው የሚያታልለውን ብቻ ነው። የማይታለለውና የሚያታልለው በአንድ ስም ከተጠሩ ማን ከማን ይለያል?

ከዚህ የባሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ «ፋራ»። ድሮ ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ይሰደብበት ነበር (የአዲስ አበባ ሰው መቼም ከኮተቤ ወዲያ ያለውን ሁሉ «ክፍለ ሀገር» ብሎ ይገላገላል)። አሁን ተራውን የጠበቀ ፋራ ነው። ደረሰኝ የጠየቀ ፋራ ነው። መልሱን ቆጥሮ የተቀበለ ፋራ ነው። ረዳቱን «መልስ ስጠኝ» ብሎ የጮኸ ሰው ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየዋል፤ መልሱን የበላውን ረዳት ግን የሚያየው የለም።

ይህ አነጋገር ከታክሲ ወርዶ ቢሮ ገብቷል። ባለፈው አንዲት ማኅተም ፈልጌ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ፋይሌን ገለጥ ገለጥ አደረገው፤ ዘጋው፤ እስክሪብቶውን ላዩ ላይ አጋደመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንተ ደግሞ፣ አራዳ ሁን እንጂ» አለኝ። ጉቦ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ብሩ ስንት እንደሆነም አልተናገረም። ብከሰው ምን ብዬ ልከሰው ነው? አራዳ ሁን አለኝ ብዬ? ሰፈሩን ነው ያልኩት ይላል እኮ! ፋይሌ እስካሁን እዚያው ነው፤ በየሳምንቱ «ነገ ና» ነው።

ደግሞ የሚያስቀው፣ እውነተኞቹ የአራዳ ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ ታውቃላችሁ? በ2016 ዓ.ም. የፒያሳዎቹ አሮጌ መንደሮች፣ እነ ዶሮ ማነቂያ፣ ሲፈርሱ ነዋሪው ወደየዳርቻው ተበትኗል። እኔ የማውቃቸው አንድ አባት ጊዮርጊስ ሥር ተወልደው፣ እዚያው አርጅተው፣ አሁን ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት። ማታ ማታ ከዘራቸውን ተደግፈው ሰልፍ ውስጥ አያቸዋለሁ። ተራቸው ሲደርስ ለነፍሰ ጡር ይለቃሉ፤ ረዳቱ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ከፊታቸው ካለው ተማሪ ጋር ስለ ኳስ ይከራከራሉ፤ ያሸንፉታልም። አራዳ እርሳቸው ናቸው። ጋቢና ይዞ የሚሮጠው ጎረምሳ አራዳን የሚያውቀው ቢበዛ በታክሲ መስኮት ነው።

ስለዚህ ስሙን ለባለቤቶቹ መልሱላቸው። ለዚያኛው አማርኛ ስም አላጣም፤ ነጣቂ አለ፣ አጭበርባሪ አለ፣ ቀማኛ አለ፣ ዓይን አውጣ አለ። ይምረጥ።