ክብር ለማታልቀው ካፕሱል

ዛሬ የማመሰግነው አንድ ያልተዘመረለት ጀግና ነው። ሐኪም ለስምንት ሳምንት ያዘዘለትን የቃር መድኃኒት ወደ ስምንተኛ ዓመቱ ያሻገረ ሰው። «የዘንድሮ ሰው የጀመረውን አይዘልቅበትም» እየተባለ ሲታማ፣ ይኸው የሚዘልቅ ተገኘ። ስፖርት ጀምሮ በሳምንቱ ትቷል። ቋንቋ መማር ጀምሮ ሰላምታ ላይ ቆሟል። ካፕሱሏን ግን አንድ ቀን አላጓደለም።

ነገሩ የጀመረው እንደማንኛውም ቃር ነው። ደረት መሃል ማቃጠል። አፍ ድረስ የሚመጣ ጎምዛዛ ውሃ። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሳል። ሐኪሙ አየው፣ ኦሜፕራዞል ጻፈለት፣ «ስምንት ሳምንት ውሰድና ተመልሰህ ና» አለው። ጀግናችን የትእዛዙን የመጀመሪያ ግማሽ በታማኝነት ፈጸመ። እስካሁንም እየፈጸመ ነው። «ተመልሰህ ና» የምትለዋን ግን፣ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ለአላፊ አግዳሚው «ግቡ እንጂ» እንደሚለው ያለች ጨዋነት አድርጎ ነው የወሰዳት።

መድኃኒቷን የሸሞጥኩ እንዳይመስላችሁ። እሷ የምር ምስጉን ናት። እ.ኤ.አ. በ1988 ስዊድን ውስጥ ገበያ ላይ ስትውል ለሐኪሞች ትልቅ እፎይታ ነበር። ቀደም ባለው ዘመን የጨጓራ ቁስለት የጸናበት ሰው ለቀዶ ሕክምና መተኛቱ ብርቅ አልነበረም። የጨጓራ ግድግዳ ላይ አሲድ የሚያመነጩ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ። ካፕሱሏ ሄዳ እነዚህን ትዘጋለች። አንዴ የዘጋችው ፓምፕ ተመልሶ አይከፈትም። ሰውነት አዲስ ፓምፕ እስኪሠራ ድረስ የቆሰለው የምግብ ቧንቧ እረፍት አግኝቶ ይድናል።

አንዲት ነገር ግን አትችልም። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መገናኛ ላይ እንደ በር የሚያገለግል ክብ ጡንቻ አለ። ቃር የሚመጣው በአብዛኛው እሱ ሲላላ ወይም ያለ ሰዓቱ ሲከፈት ነው። ካፕሱሏ ይህን በር አትዘጋም። ጨጓራ ውስጥ ያለው ነገር እንደ ድሮው ወደ ላይ ይወጣል። አሲዱ ስለቀነሰ ብቻ አያቃጥልም።

ጀግናችን ይህን ሲሰማ ፊቱ ይፈካል። ካላቃጠለ ምን ጎደለ? አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው ነበር። የዘመኑ ሰው አሻሻለው። በሽታውን የሚደብቅለት መድኃኒት አገኘ።

ይህን ነፃነት ያገኘ ሰው እንዴት እንደሚጠቀምበት ማየት ደግሞ ያኮራል። ጀግናችን ቀን አይበላም። ቁርሱ ቡና ነው። ምሳው ቡናና ስብሰባ ነው። ማታ ቤቱ ሲገባ የቀኑን ሒሳብ በአንድ ጊዜ ያወራርዳል። የሰባ፣ የተጠበሰ፣ ቅመም የበዛበት። ማወራረጃው ለስላሳ። ማጣፈጫው ቸኮሌት። ቀበቶው ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እንደተጠበቀ ነው። ከዚያ «ትንሽ ይውረድልኝ» ብሎ ይጋደማል።

ወዴት እንደሚወርድለት ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቆሞ ወይም ተቀምጦ ቢቆይ የመሬት ስበት ያግዘው ነበር። ሲጋደም ግን ጨጓራውና ጉሮሮው እኩል ይሆናሉ። ቅባት ደግሞ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም። ቸኮሌቱ ያንን በር የማላላት ጠባይ አለው። ለስላሳው ሆዱን ይነፋዋል። ሆድ እንዲረጋጋ ተብሎ የሚጠጣው የናና ሻይ እንኳ የበሩን ጡንቻ ያላላል። ጀግናችን በአንድ ማታ ሁሉንም አሰባስቦ፣ በላዩ ላይ ስልኩን ይዞ ጀርባው ላይ ይዘረጋል። ለቃር እንዲህ አድርጎ ያነጠፈለት የለም።

የአወሳሰዱስ ነገር! ካፕሱሏ በደንብ የምትሠራው ከምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብላ ስትዋጥ ነው። ፓምፖቹ የሚነቁት ሰው ሲበላ ነዋ። እነሱ ሲነቁ እሷ ደም ውስጥ ገብታ መጠበቅ አለባት። ጀግናችን ይህን ሥርዓት ገልብጦታል። መጀመሪያ ይበላል። ቀጥሎ ይጋደማል። ሲያቃጥለው ተነስቶ በተረፈችው ለስላሳ ይውጣታል። አልሠራ ስትለው ሁለት ያደርጋታል። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ መድኃኒት ወስዶ አንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ አለመውሰድ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

ቸርነቱን ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ቦርሳው፣ የቢሮው መሳቢያ፣ የመኪናው ኪስ፣ ሁሉም ቦታ ትገኛለች። መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዲት ባልደረባ ደረቷን ይዛ ካያት ምርመራው አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

«ምን ሆንሽ?»

«እንጃ፣ እዚህ ጋ ያቃጥለኛል።»

«ቃር ነው። እንቺ፣ ይቺን ዋጪ። እኔ ስንት ዓመቴ!»

የደረት ሕመም አንዳንዴ የልብ ሊሆን እንደሚችል፣ ሐኪሞችም አስቀድመው የሚያጣሩት እሱን እንደሆነ ለጀግናችን የነገረው የለም። ቢነገረውም ለልብም ሳትጠቅም አትቀርም ባይ ነው።

ሐኪሞቻችንም ከምስጋናው ድርሻ አላቸው። አዲሱ ሐኪም «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። «ኦሜፕራዞል።» «ጥሩ፣ ቀጥልበት።» ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያከብራል። ሦስተኛው ሁለተኛውን ያከብራል። ሙያዊ መከባበር እንዲህ ያማረበት ቦታ አላየሁም። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁሉ ለምን እንደሚወስደው በየጊዜው ይታይለት፣ በቂ ምክንያት ካልተገኘ ማቆም ይታሰብለት ብሏል። እዚያው አሜሪካ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ኦሜፕራዞል ማሸጊያውም ለ14 ቀን ብቻ ውሰዱ፣ ሐኪም ሳያማክሩ በአራት ወር ውስጥ አይድገሙ ይላል። ጀግናችን ማሸጊያ አንብቦ አያውቅም። ካርቶኑን ሲከፍት ያቺን የታጠፈች ወረቀት የሚጥልበትን ፍጥነት ብታዩ!

አሁን ደግሞ ጀግናችን የሚነቃበትን ቀን እናወድስ። ስምንት ዓመት አንድ ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው አንድ ሌሊት፣ እንደተለመደው በጀርባው ተንጋሎ፣ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ያያል። አጥንትህ! ኩላሊትህ! የማስታወስ ችሎታህ! ከአልጋው ዘሎ ይነሳል። ካርቶኑን ከነወረቀቷ ቆሻሻ ውስጥ ይወረውራል። ሐኪም መጠየቅ? ለመቀጠል ያልጠየቀው ለማቆም ይጠይቃል እንዴ?

በጥቂት ቀናት ውስጥ ቃሩ ይመለሳል። ብሶበት። ጨጓራ ለረጅም ጊዜ አሲድ ሲያጥረው ጋስትሪን የሚባለውን፣ «አሲድ አምርት» ብሎ የሚያዝ ሆርሞን ይጨምራል። ካፕሱሏ በድንገት ስትቀር ይህ ሁሉ ትእዛዝ ሥራ ላይ ይውላልና አሲዱ ከቀድሞው በልጦ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት 120 ጤነኛ ሰዎችን ይዞ ነበር። ቃር ያልነበረባቸው ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ ለስምንት ሳምንት የካፕሱሏ የቅርብ ዘመድ የሆነ መድኃኒት ወሰዱ። ካቆሙ በኋላ ባሉት ሳምንታት 44 በመቶዎቹ ቃርና መሰል ስሜት ታየባቸው። ባዶ ካፕሱል ሲውጡ ከቆዩት ውስጥ ግን 15 በመቶዎቹ ብቻ። መድኃኒቱ ራሱ ሲቆም ቃር አመጣ ማለት ነው። ነገሩ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል። ለዚያም ነው ብዙ ሐኪሞች መጠኑን ቀስ በቀስ እያወረዱ፣ መሃል ላይ ቀለል ያለ ማስታገሻ እየሰጡ የሚያስቆሙት። ጀግናችን ግን በሦስተኛው ቀን ብይኑን ሰጥቷል። «ያለሷ መኖር እንደማልችል አሁን አረጋገጥኩ!»

ከመመለሱ በፊት ግን ኮምጣጤ ሞክሯል። ቪዲዮው «አሲድ የሚያስቸግርህ አሲድ ስላነሰህ ነው» ብሎት ነበር። አሲድ ባቆሰለው ቧንቧ ላይ አሲድ ማፍሰስ ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረት ደግሞ አለው። ቀጥሎ ወተት። ወተቱ ለጥቂት ደቂቃ አስታገሰው፣ ቆይቶ ጨጓራው ይበልጥ አሲድ እንዲያመርት ቀሰቀሰው።

ስለ ጉዳቷ የሚወራው ሁሉ ውሸት ነው ወይ? አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ አጥንት ስብራት፣ በ2011 ደግሞ ለረጅም ጊዜ በሚወስዱት ሰዎች ላይ ስለሚያጋጥም የማግኒዥየም ማነስ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎችን ለሦስት ዓመት ያህል የተከታተለ ሙከራ አለ። ከሚፈሩት ጉዳቶች ውስጥ በግልጽ ጨምሮ ያገኘው የአንጀት ኢንፌክሽንን ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለቪዲዮ አይመችም። አያስደነግጥም፣ አያዝናናም። «ካስፈለገህ አትፍራት፣ ካላስፈለገችህ ለምን ትውጣታለህ?» የሚል ርእስ ማን ይከፍታል?

እዚህ ላይ ሽሙጤን ለአፍታ አስቀምጬዋለሁ። ይህን መድኃኒት በራሳቸው ማቆም የሌለባቸው ሰዎች አሉ። የምግብ ቧንቧቸው ክፉኛ የቆሰለ ወይም የጠበበ፣ «ባሬት» የሚባለው የቧንቧ ለውጥ የተገኘባቸው፣ አስፕሪን ወይም መሰል የሕመም ማስታገሻ አዘውትረው እየወሰዱ ለጨጓራ መድማት የተጋለጡ። ለእነሱ ስምንት ዓመቱም ተገቢ ሊሆን ይችላል። መዋጥ የሚያስቸግረው፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ ደም የሚያስታውከው ወይም ሰገራው የጠቆረበት ሰው ደግሞ የእኔን ጽሑፍ እዚሁ ትቶ ሐኪም ጋ ይሂድ።

ሽሙጤን መልሼ አነሳሁ። ጀግናችን በመጨረሻ «በአመጋገብ ነው የማሸንፈው» ብሎ ወስኗል። የተከለከሉ ምግቦችን ዝርዝር አውጥቶ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈ። ቲማቲም ወጣ። ሎሚ ወጣ። ሽንኩርት እያለቀሰ ተሰናበተ። ጎበዝ ነው፤ ግን ቃር የሚቀሰቅስ ምግብ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱን ቡና ይጎዳዋል፣ ሌላው ጠጥቶ ይተኛል። ሁሉንም ከመከልከል ይልቅ የትኛው እንደሚነሳበት ማስተዋል ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ግምገማ የቀደሙ ጥናቶችን ሲያበጥር፣ አንድ በአንድ ምግብ ስለ መከልከል የተገኘው ማስረጃ ስስ ነበር። ክብደት መቀነስና የአልጋን ራስጌ ከፍ ማድረግ ግን ለውጥ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ወደ 43 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን መረጃ የያዘ ጥናት አምስት ነገሮችን ቆጠረ። የተመጣጠነ ክብደት፣ አለማጨስ፣ በቀን 30 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ ቡና፣ ሻይና ለስላሳን በቀን ከሁለት ኩባያ አለማሳለፍ፣ ጤናማ አመጋገብ። አምስቱ አንድ ላይ ቢጠበቁ ከቃሩ 37 በመቶ ያህሉን ይከላከሉ ነበር ብሎ ገመተ።

ጀግናችን ከአምስቱ ምንም አልነካም። ራስጌውን ከፍ አደረገ ግን፤ በአራት ትራስ። ከወገቡ ታጥፎ፣ ሆዱን ጨፍልቆ፣ አንገቱን አጣምሞ ያድራል። ከፍ ማለት የነበረበት አልጋው ነው። በራስጌው በኩል ባሉት የአልጋው እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ማስደገፊያ ይበቃው ነበር። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል፤ ጨጓራ ከቧንቧው በታች ስለሚውል። ጀግናችን በግራ ጎኑ አይተኛም። ቻርጀሩ በቀኝ በኩል ነው።

እራቱስ? እራቱ አይነካም። ዝርዝሩ ላይ «ከመተኛትህ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቀደም ብለህ ብላ» የምትል መስመር ነበረች። ማግኔቱን እሷ ላይ ነው የለጠፈው።

ባለፈው ሰሞን ግን ባለቤቱ ጎትታ ሐኪም ጋ ወሰደችው። እንዲህ ዓይነቱን ሐኪም ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ሰውየው «ቀጥልበት» አላለም። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ጥያቄ ጀመረ። መድኃኒቷን ማን አዘዘልህ? ለምን? መቼ ነው የምትውጣት? ጀግናችን ላብ በላብ ሆነ።

«እሺ፣ እራትህና መኝታህ ምን ያህል ይራራቃሉ?»

ጀግናችን አሰብ አደረገ። ሁለት እጁን ዘርግቶ በአየር ላይ ለካ።

«አንድ ክንድ ቢሆን ነው ዶክተር። ሳህኑን ኮመዲኖው ላይ ነው የማስቀምጠው።»