በሙሉ ዋጋ የተሸጠልኝ ግማሽ አውሮፕላን

በጣም ተናድጃለሁ። ደሴ ተቀምጬ ሁለት ወር ሙሉ ብር አጠራቀምኩ። ውጭ ያለችውን እህቴን ለምኜ በካርዷ አስከፈልኩ። የሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ እስኪወርድ ድረስ ሳልተኛ አነጋሁ። የገዛሁት ለፍላይት ሲሙሌተር፣ ማለትም በኮምፒውተር አውሮፕላን ለሚበረርበት ጨዋታ፣ የሚጨመር ኪው 400 ነው፤ ያ በአገር ውስጥ በረራ የምናውቀው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን።

ከውጭ ሲያዩት ያምራል። የጎማው ጭቃ ሳይቀር ተስሏል። ውስጡ ግን ባዶ ነው። የነዳጅ ማንሻውን ወደ ማጥፊያው ስስበው ሞተሩ አይጠፋም። ግማሹ ማብሪያ ማጥፊያ ሥዕል ነው።

ከሁሉም ያበሸቀኝ የኮምቦልቻው መነሳት ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ የቀትር ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። እውነተኛ አውሮፕላን እዚያ ለመነሳት ብዙ ይንደረደራል። ይሄኛው ጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ይመስል ብድግ ይላል! ታዲያ ምኑን ነው የገዛሁት?

ለሻጩ ጻፍኩ። «በሚቀጥለው ማሻሻያ ይስተካከላል» አለኝ። ይኸው ስድስት ወር።

«ደንበኞች ብዙ ትጠብቃላችሁ» የሚሉም አሉ። እኔ የጠበቅኩት ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። ሥራው ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ፍላይባይዋየር የተባለው ቡድን በጎ ፈቃደኞች ኤ320 የተባለውን የሲሙሌተር አውሮፕላን በነፃ እንደዚያ አሳምረው ሰጥተውናል። ገንዘብ የተቀበለ ሰው እንዴት ከነሱ ያንሳል? ካላለቀ «አላለቀም» ብሎ፣ ዋጋውንም ቀንሶ ይሽጥ።

ትናንት ማታም ማንሻውን ሳብኩት። ሞተሩ አሁንም አይጠፋም።