ሔንሪ ሶልት ሐረርን አልሳለም

አቦ አንድ ነገር ላርም፣ ያ የከለር ሥዕል "እንግሊዛዊው ተጓዥና ሰዓሊ ሔንሪ ሶልት በ1809 ሐረር መጥቶ የሳላት ጁገል (በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ) ናት" ያልከው ልክ አይደለም። እዚህ ሐረርም ድሬም ብዙ ሰው ድሮ ፈረንጅ የሳለውን ሁሉ ወደኛ ያስጠጋዋል፣ ሰውዬው ግን በኛ በኩል ዝር አላለም። ሁለቴ ነው የመጣው፣ በ1805 እና በ1809-10 (በፈረንጅ)፣ ሁለቴም በምፅዋ ገብቶ የዞረው ትግራይን ነው፣ ጎንደር እንኳን አልደረሰም፣ በሁለተኛው ጊዜ ለንጉሡ ከእንግሊዝ የያዘውን ስጦታ ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ላይ ለትግራዩ ገዥ ለራስ ወልደ ሥላሴ አስረክቦ ተመለሰ። ሐረር ገብቶ በሰላም የወጣ የመጀመሪያው የሚታወቅ አውሮፓዊ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ነው፣ እሱም በ1855፣ ሶልት ከሞተ ከ27 ዓመት በኋላ።

1809 የምትለዋ ከየት እንደመጣች ግን ገብቶኛል። ለንደን ላይ 24 ሥዕሎቹ የታተሙበት ዓመት ነው እንጂ የተሳሉበት አይደለም፣ ከ1802 ጀምሮ ሎርድ ቫለንሺያ ከሚባል መኳንንት ተጓዥ ጋር ጸሐፊና ሰዓሊ ሆኖ ሲንከራተት ሴንት ሄለና፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ህንድ፣ ሲሎን፣ ቀይ ባህር እያለ የሰበሰባቸው ናቸው፣ የኛም አገር አለበት፣ የአክሱም ሐውልት (እኔ ከሁሉም እሷን ነው የምወደው)። ደግሞ የሚዞረው ኮፒ የራሱ የውሃ ቀለም ሥራ አይደለም፣ ሌሎች ባለሙያዎች ሥዕሉን መዳብ ላይ ቀርጸው አትመው ከዛ በእጅ ቀለም የቀቡት ነው።

የሚገርመው ሶልት ራሱ ከሱ በፊት አገራችንን የጎበኘው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የጻፈውን ስህተት ሲያርም የኖረ ሰው ነው ሃሃ። በኋላ ግብፅ ቆንስል ሆኖ ቅርስ መሰብሰብ ውስጥ ገባ፣ አሁን ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ትልቁ የራምሴስ ራስ ከሉክሶር እንዲነሳ ካደረጉት አንዱ እሱ ነው፣ ፈረንጆቹም ይበልጥ የሚያውቁት በዚሁ እንጂ በሥዕሉ አይደለም።